የቅዳሜ መንገድና የእሁድ ዘንቢል

(የታክሲ ረዳት ጥሪ፦ «መገናኛ! መገናኛ! ሁለት ሰው!» ድምፁ እየራቀ ይሄዳል)

አዲስ አበባ ውስጥ ጉዞ የሚጀመረው በጆሮ ነው። የመስመሩ ስም በታክሲው አናት ላይ ባለው ታፔላ ተጽፎ ቢታይም፣ ተሳፋሪው ይበልጥ የሚያምነው የረዳቱን አፍ ነው። «ፒያሳ»፣ «ሜክሲኮ»፣ «ሳሪስ አቦ» የሚሉት ጥሪዎች ተያይዘው፣ ግማሽ ፊደላቸው ተውጦ ይወጣሉ። ለእንግዳ ጫጫታ ነው። ለለመደ ጆሮ ግን የከተማዋ ካርታ ነው።

ስሞቹ ራሳቸው ከየት መጡ? ለምሳሌ ሃያ ሁለት ምኑ ነው ሃያ ሁለት? ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እዚያ ደርሶ ይዞር ከነበረው የአንበሳ አውቶቡስ ቁጥር ነው ይባላል፤ ለዚህም ነው ሙሉ ስሙ ሃያ ሁለት ማዞሪያ የሆነው። ለገሃር ፈረንሳዮች የባቡር ጣቢያን ከሚጠሩበት ቃል የመጣ ነው። ካዛንቺስ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች የቀረ ስም ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ደግሞ የጣሊያንን ወረራ ሳትቀበል ለቀረችው አገር የተሰጠ ምስጋና ነው፤ በሜክሲኮ ዋና ከተማም «ኢትዮጵያ» የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ።

ከእነዚህ ስሞች አብዛኞቹ መንገድና መጓጓዣ የተዉአቸው ናቸው። አውቶቡስ ዞሮ የተመለሰበት፣ ባቡር የቆመበት ቦታ ሰፈር ሆኗል። ነገሩ በስም ብቻ አይቆምም። መንገድ ባለፈበት ገበያ ይከተላል፤ ገበያው በዞረበትም ታክሲው ይዞራል። የዛሬው ዝግጅት የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው፦ መጓዝና መሸመት በኢትዮጵያ ከተሞች ሁለት ጉዳዮች ሆነው እንደማያውቁ።

(አጭር የክራር ድምፅ)

በመጀመሪያ ከተማው ውስጥ። አንድ ሰው ቤቱን ለእንግዳ ሲያስረዳ ምን ይላል? የጎዳና ስምና የቤት ቁጥር የሚጠቅስ ጥቂት ነው። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱን አለፍ ብሎ፣ ጉሊቷ ያለችበት ቅያስ» ይባላል። አቅጣጫው በምልክት ይሰጣል፤ ምልክቱም ብዙ ጊዜ የሚሸጥበት ቦታ ነው፦ ዳቦ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ወፍጮ ቤት።

የዚህ ዘዴ ችግር ምልክቱ ሲነሳ ይታያል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳና አካባቢው ላይ ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ከቤቶቹም ጋር ሰው አቅጣጫ ይሰጥባቸው የነበሩት ምልክቶች አብረው ሄደዋል። አሮጌው ስም ግን በቀላሉ አይሞትም። «የድሮው እንትን የነበረበት» እየተባለ ለዓመታት ይኖራል፤ አዲስ ነዋሪ ሳያየው በቀረ ሕንፃ ስም እየተመራ መንገድ ያገኛል።

ታክሲው ውስጥ ያለው ሥርዓትም ያልተጻፈ ነው። ጋቢና የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የደረሰ ወይም ሾፌሩ የሚያውቀው ሰው ነው። «ውስጥ ጠጋ በሉልን» ከተባለ ሌላ ሰው ሊጨመር ነው። «ሒሳብ!» ሲባል ገንዘቡ ከኋላ ወንበር በሰው እጅ እየተቀባበለ ወደ ረዳቱ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። መውረድ የፈለገ «ወራጅ አለ!» ይላል።

ዝርዝር ሲጠፋስ? ረዳቱ አንድ ድፍን ኖት ለሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሰጥቶ «ተካፈሉ» ይላቸዋል። ሁለቱ ወርደው አንድ ሱቅ ፈልገው ማስቲካ ወይም ውሃ ይገዙና ይዘረዝራሉ። የታክሲ መልስ ሱቅ እንዳስገባ ልብ ይሏል።

ቀላል ባቡሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለዚህ ሁሉ ሌላ መልክ ሰጥቶታል። አንደኛው መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ይዘልቃል፤ መሃል ከተማ ላይ ሁለቱ ለጥቂት ጣቢያዎች በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ባቡሩ ብዙ ሰው ያነሳል። ነገር ግን በመሬት በሚያልፍባቸው ቦታዎች ሐዲዱ በአጥር የታጠረ ስለሆነ፣ ቀድሞ መንገዱን ተሻግሮ ይሸምት የነበረ ሰው መሻገሪያ ፍለጋ ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል። ከአንዱ ዳር ያለው ሱቅ የሌላውን ዳር ደንበኛ አጣ። ባቡር ያገናኛል ሲባል ይኸኛውንም ጎን መቁጠር ይገባል።

(የገበያ ሁካታ፦ የሻጮች ጥሪ፣ የጋሪ ድምፅ። ቀስ ብሎ ከንግግሩ ሥር ይገባል)

ወደ ገበያው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ መጀመሪያ አራዳ ነበር፤ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ገዢዎቹ ከተማዋን በዘር ለመከፋፈል ሲያቅዱ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ መርካቶ የሚለው ስምም ገበያ ማለት ከሆነው የጣሊያንኛ ቃል ቀረ። ጣሊያን ሄደ፤ ገበያው እዚያው አደገ። ለክፍለ ሀገር መኪኖች መነሻ የሆነው አውቶቡስ ተራም የተተከለው እዚያው መርካቶ አፍ ላይ ነው። ለምን? ከገጠር የሚመጣ ሰው ይዞት የሚመጣውን ጭነት የሚያራግፈው እዚያ ስለሆነ ነው።

መርካቶ ውስጥ ያለው አከፋፈል በተራ ነው። እህል በረንዳ፣ ሸማ ተራ፣ ድር ተራ፣ ቦምብ ተራ። ሁሉም አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ቦታ ይሸጣል። ሻጮች ተቀናቃኞቻቸውን ጎን ለጎን አድርገው መቀመጣቸው ለባዕድ እንግዳ ይመስላል። ለገዢው ግን ዋጋ ለማወዳደር ይጠቅመዋል፤ ለሻጩም ገዢው የት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቁ ትርፍ ነው።

ምን አለሽ ተራ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። በየሰፈሩ «ቆራሌ!» እያለ ጠዋት ጠዋት የሚዞረው ልጅ የሚሰበስበው የዘይት ጀሪካን፣ የተጣመመ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ወንበር መጨረሻው እዚያ ነው። ቆርቆሮው ምድጃ፣ በርሜሉ ምጣድ መክደኛ፣ ጎማው በርባሶ ጫማ ይሆናል። ያ ዕቃ ከሰፈር የወጣው በእግር፣ በትከሻ ነው፤ የሚመለሰው በታክሲ ውስጥ በገዢ ጉልበት ላይ ተቀምጦ ነው።

ገበያ ሲዛወር ደግሞ ምን ይሆናል? የአትክልት ተራ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፒያሳ አጠገብ የነበረው ይህ የጅምላ ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ሄደ፤ ጃን ሜዳ ለጥምቀት በዓል መለቀቅ ስለነበረበት ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተሸጋገረ። ሽንኩርቱ ሲሄድ ጉሊቶቹም የሚነሱበት ሰዓት ተለወጠ። ፒያሳ ሆና በእግሯ እየሄደች ትሸከም የነበረች ባለ ጉሊት አሁን ሌሊት ተነስታ ጭነት ለሚችል መኪና ትከፍላለች። ያ ክፍያ የት ይገባል? ቲማቲሙ ላይ።

(ሙዚቃ ለአጭር ጊዜ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

ለመድገም ያህል፦ የዕቃ ዋጋ ውስጥ የመንገድ ዋጋ አለ። ይህ ነጥብ ከከተማ ሲወጣ ይበልጥ ይገለጣል።

ከአዲስ አበባ የሚያስወጡት ትልልቅ መንገዶች አምስት ናቸው፤ የጎጃም መንገድ፣ የደሴ መንገድ፣ የደብረ ዘይት መንገድ፣ የጅማ መንገድ፣ የአምቦ መንገድ። መናኸሪያዎቹም እንደ አቅጣጫቸው ናቸው፦ ላምበረት፣ ቃሊቲ፣ አየር ጤና፣ አስኮ፣ እንዲሁም ነባሩ አውቶቡስ ተራ። ነገር ግን ሰው እነዚህን መንገዶች የሚያስታውሳቸው ከርዝመታቸው ይልቅ በሚሸጥባቸው ነገር ነው።

ሸኖ ሲባል ምን ትዝ ይላል? ቅቤ። ሸኖ በደሴ መንገድ ከደብረ ብርሃን በፊት የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከፍታዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ብርዱ ለእንግዳ አይመችም፤ ለቅቤ ግን ይመቻል። ሣሩ ለላም፣ ቅዝቃዜው ለቅቤው መቆያ ይሆናል። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል ተብሎ ይለያል። ለጋው ለፀጉር ይመረጣል፤ በሳሉ ለወጥ ሲነጠር ሽታው ቤት ይሞላል።

የለመዱ ሴቶች ቅቤ ሲገዙ ላዩን አይተው አያምኑም። ስንጥር ወይም ቢላ እስከ መሃሉ ይሰዳሉ፤ አውጥተው ያሸታሉ፤ በጣታቸው ያሻሉ። ለምን እስከ መሃል? ላዩ ደህና ሆኖ መሃሉ ሌላ ነገር የተደባለቀበት ቅቤ ስለሚያጋጥም ነው። «የሸኖ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በአዲስ አበባ የሚሸጠው ቅቤ ሁሉ የሸኖ ቢሆን ኖሮ የሸኖ ላሞች እንቅልፍ አይኖራቸውም ነበር።

በጎጃም በር ሲወጣ ሱሉልታና ጫንጮ ይገኛሉ። ወተትና ድርቆሽ የዚህ መስመር መለያ ናቸው። ጠዋት ወተት የሚጭኑ መኪኖች ወደ ከተማ ሲወርዱ፣ የሽርሽርና የተሳላሚ መኪኖች ወደ ደብረ ሊባኖስ ይወጣሉ። ገዳሙ ከከተማው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ደርሶ በአንድ ቀን መመለስ ይቻላል። ሲመለሱ ወተት መግዛት የማይመከረው ለምንድን ነው? ከሰዓት በኋላ የሚገኘው ወተት የጠዋቱ ትራፊ ነውና ቤት ሳይደርስ ሊረጋ ይችላል። እርጎ የሚፈልግ ግን ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አያገኝም።

የአምቦ መንገድ ታሪክ የተሸከመ መንገድ ነው። በቡራዩና በሆለታ፣ በድንቹና በወተቱ አልፎ አዲስ ዓለም ይደርሳል። ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ምክንያቱ ጦርነት አልነበረም፤ ማገዶ ነበር። አዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ደን ተቆርጦ እያለቀ ሲሄድ ቤተ መንግሥቱ እንጨት ወዳለበት ሊሄድ ሆነ። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ መጥቶ በየቦታው ሲተከል ማገዶው ተገኘ፤ ከተማዋም ባለችበት ቀረች። ዛሬ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችን ያየ ሰው፣ ዋና ከተማዋን ቦታዋ ላይ ያቆማት ያው ሸክም መሆኑን ያስታውሳል።

የጅማ መንገድ በሰበታ በኩል ወደ ወሊሶ ይሄዳል። ቆጮና ቡላ ፈላጊ ይህን አቅጣጫ ይመርጣል። ወደ ወንጪ ሐይቅ የሚያደርሰው መንገድም ከወሊሶ ወይም ከአምቦ ይገነጠላል።

(የፈረስ ጋሪ ቃጭልና ኮቴ)

የደብረ ዘይት መንገድ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ የእሁድ እንቅስቃሴ ዋናው በዚያ ነውና። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያና ኩሪፍቱ ሐይቆች አጠገብ ለአጠገብ ተኝተዋል፤ አብዛኞቹ እሳተ ገሞራ በፈነዳባቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው። ጋሪና ባጃጅ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ሽርሽር የመጣ ቤተሰብ ልጆቹን ለደስታ ጋሪ ላይ ሲያወጣ፣ የከተማዋ ሰው በዚያው ጋሪ ጤፍ ወደ ወፍጮ ይልካል።

ጤፍ ከተነሳ፣ የአድአ ጤፍ ስሙን ከየት አገኘ? በቢሾፍቱ ዙሪያ ያለው የአድአ መሬት ጥቁር፣ ውሃ የሚይዝ መረሬ አፈር ነው። ነጩ ማኛ ጤፍ እዚያ ያምርበታል። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከልም እዚያው ሆኖ በጤፍ ላይ ለረጅም ዘመን ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውና በገበሬው ዘንድ የተስፋፋው ቁንጮ የሚባለው ዝርያ የዚሁ ማዕከል ሥራ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ሰርገኛ ጤፍ ከመርካቶ ገዝቶ ደስ ሊለው ይችላል፤ ሰርገኛው የነጭና የቀይ ቅልቅል ነው። ማኛ ነው ተብሎ ሰርገኛ ከተሸጠለት ግን ተታልሏል። ጤፉን በመዳፍ ላይ በተን አድርጎ ብርሃን ላይ ማየት የዚህ መድኃኒቱ ነው።

ከቢሾፍቱ አልፎ ሞጆ ላይ መንገዱ ይከፈላል። የግራው ወደ አዳማ፣ የቀኙ ወደ ሐዋሳ። በሐዋሳው መስመር መቂና ዝዋይ አሉ፤ በመስኖ የሚለማ ሽንኩርትና ቲማቲም በጆንያና በሳጥን ተደርድሮ መንገድ ዳር ይጠብቃል። ከዝዋይ ሐይቅ የወጣ ቆሮሶ ዓሣም እንዲሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለዚህ ሁሉ ምን አደረገ? በአገሪቱ የመጀመሪያው ባለ ክፍያ የፍጥነት መንገድ ነው። ጊዜ ቆጥቧል፤ የአሮጌውን መንገድ ጭንቀት አቃሏል። ግን መሃል ላይ ቆሞ ሽንኩርት መግዛት አይቻልበትም፤ አጥር አለው። ዱከም ላይ ሥጋ የሚቆርጥ፣ መንገድ ዳር እንቁላል የሚይዝ ሁሉ የቀረው በአሮጌው መንገድ ነው።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ሲሄዱ በፍጥነት መንገዱ፣ ሲመለሱ በአሮጌው። ሄደው ቶሎ ይደርሳሉ፤ ሲመለሱ እየቆሙ ይሸምታሉ። ይህ ሐሳብ ለሌሎቹ መንገዶችም ይሠራልና ይደገም፦ ሲሄዱ ማየት፣ ሲመለሱ መግዛት። በሄዱበት የገዙት ቲማቲም ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ፀሐይ ይመታዋል፤ ዋጋውንም ሳያወዳድሩ ገዝተዋል።

(የበገና ወይም የማሲንቆ ዜማ፣ በዝግታ)

የገበያ ቀንም አለ። በከተሞች ገበያ በየተራ ይቆማል፤ በሁሉም በአንድ ቀን አይቆምም። ለምን? ነጋዴው ዛሬ አንዱ ጋ፣ ነገ ሌላው ጋ እንዲደርስ ነው። በዚህ የተነሳ ቀኑ የቦታ ስም እስከመሆን ይደርሳል። በደቡብ ጎንደር ሐሙሲትና አርብ ገበያ የሚባሉ ከተሞች አሉ፤ ስማቸውን የሰማ መቼ እንደሚሄድ መጠየቅ አያስፈልገውም። የባቲ ገበያ በሰኞ፣ የሰንበቴ ገበያ በእሁድ ከሩቅ ይጠራሉ፤ ከቆላ የሚመጣው አፋርና ከደጋ የሚወርደው አማራና ኦሮሞ እዚያ ይገናኛሉ።

በገበያ ቀን ውስጥም ሰዓቱ ይለያል። ጠዋት የሚደርስ ምርጡን ያገኛል፤ ዋጋው ግን ጠንካራ ነው። ገበያ ሲፈታ፣ ወደ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ገደማ፣ ያልሸጠ ገበሬ ጭነቱን ተሸክሞ ወደ መጣበት መመለስ አይፈልግም። ዋጋ ይወርዳል፤ የቀረው ግን ሌሎች መርጠው የተዉት ነው። በርበሬ ላይ ይህ ያዋጣል፤ ጎመን ላይ አያዋጣም።

ከዚያ ምርቃት ይመጣል። በኪሎ የሚሸጥ ቦታ ሚዛኑ ይናገራል። በመደብ፣ በጣሳ፣ በቁና የሚሸጥ ቦታ ግን «መርቂኝ» ማለት ነውር የለውም። ሻጯ አንድ እፍኝ ትጨምራለች፤ ያልጨመረች እንደሆነ ደግሞ ገዢው በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ጎረቤቷ ይሄዳል። በዋጋ ክርክር ግማሽ ሰዓት የፈጁ ሁለት ሴቶች በመጨረሻ ስለ ልጆቻቸው ሲጠያየቁ ማየት የተለመደ ነው። ዕቃው በጠዋት ሊሸጥ ይችል ነበር፤ ወሬው ግን አይገኝም ነበር።

ወደ ገጠር መውጣት የማይችል የከተማ ሰው በቅርብ ዓመታት የእሁድ ገበያ ቀርቦለታል። በየክፍለ ከተማው መንገድ ለሰዓታት ተዘግቶ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ምርታቸውን ይዘው ይቆማሉ። መሃል ያለው ደላላ ስለሚቀንስ ዋጋው ከሰፈር ሱቅ ዝቅ ሊል ይችላል። ይሁንና የሰፈር ሱቅ አንድ ነገር ይበልጣል፤ ዱቤ ይሰጣል። ወር መጨረሻ ላይ ደብተር ተከፍቶ የሚታየው ሒሳብ ለብዙ ቤተሰብ ከዋጋ ቅናሽ ይልቅ ያስፈልጋል።

(የአውቶቡስ ሞተርና የጭነት መውረድ ድምፅ)

የመልስ ጉዞው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። የክፍለ ሀገር መኪና የሚነሳው ሲሞላ ስለሆነ፣ መናኸሪያ ላይ መጠበቅን በጊዜ ውስጥ መቁጠር ያስፈልጋል። ጆንያው፣ ዘንቢሉ፣ እግሩ የታሰረ ዶሮ ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣል። ዝናብ ከመጣ ሸራ የሚለብስ መሆኑን ተሳፋሪው ከመነሳቱ በፊት ይጠይቃል፤ ከተነሳ በኋላ መጠየቁ ለሽንኩርቱ አይጠቅምም።

ቃሊቲ ላይ መንገዱ ይጨናነቃል። መናኸሪያ ሲደረስ ተሸካሚው ቀድሞ ጆንያውን ይይዝና ዋጋው ላይ ክርክር ይጀመራል። ከዚያ የሰፈር ታክሲ ይፈለጋል፤ ረዳቱ ሸክሙን አይቶ «የሁለት ሰው ይከፈላል» ይላል። ባለ ጆንያው ጥቂት ይከራከርና ይከፍላል። ሽንኩርቱም ወንበር ይዞ ሰፈር ይገባል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)